ላሚቱ ላም ብቻ ብትሆንስ?

ተረት ሕፃናትን ከማስተኛት የማያልፍ ቀላል ነገር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን በመምህርነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ከብዙ ቁም ነገር መጻሕፍት ይልቅ አንድ የጀርመን ተረት አስቸግሮኛል፤ አስተምሮኛልም። ተረቱ «የጫካው ቤት» ይባላል። ወንድማማቾቹ ያኮብና ዊልሄልም ግሪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1812 ዓ.ም. ጀምሮ ባሳተሙት፣ በ1857 ዓ.ም. የመጨረሻ መልኩን በያዘው የተረት ስብስብ ውስጥ ቁጥሩ 169 ነው።

አንድ እንጨት ቆራጭ ሦስት ሴት ልጆቹ በየተራ ምሳውን ጫካ ድረስ እንዲያመጡለት ያዝዛል። መንገድ እንዳይጠፋባቸውም ጥሬ እየበተነ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ቀን ምስር፣ በሦስተኛው አተር። የዱር ወፎች ግን ሁሉንም ለቅመው ይጨርሱታል። ልጃገረዶቹም በየተራቸው መንገድ ስተው ሲመሽ ከአንድ ሽማግሌ ቤት ይደርሳሉ። በቤቱ ውስጥ አንዲት ዶሮ፣ አንድ አውራ ዶሮና አንዲት ቡሬ ላም አሉ። ሽማግሌው እንግዳ ለማሳደር አስቀድሞ እንስሳቱን ያማክራል፤ ከዚያም እንግዳይቱን እራት እንድትሠራ ያዝዛታል።

ሁለቱ ታላላቆች እራቱን አሳምረው ይሠራሉ፤ ከሽማግሌው ጋር ጠግበው ይበላሉ፤ ስለ እንስሳቱ ግን አንዳች ሳያስቡ መኝታ ይጠይቃሉ። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ወለሉ ተከፍቶ ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ። ታናሺቱ ግን ገና ስትገባ ዶሮዎቹን ትዳብሳለች፤ ላሚቱንም በቀንዶቿ መካከል ታክላታለች። እራቱ ሲደርስም ለዶሮዎቹ ገብስ፣ ለላሚቱ ድርቆሽ፣ ለሁሉም ውሃ ካቀረበች በኋላ ነው ወደ ገበታ ቀርባ ከሽማግሌው የተረፈውን የምትበላው። በዚያ ሌሊት ድግምቱ ይፈታል፤ ጎጆው ቤተ መንግሥት፣ ሽማግሌው የንጉሥ ልጅ፣ እንስሳቱም ሦስት አሽከሮቹ ሆነው ይገኛሉ።

ይህን ተረት ለመጀመሪያ ጊዜ ለተማሪዎቼ ስነግር፣ «የናቃችሁት እንስሳ ማን እንደ ሆነ አታውቁምና ለሁሉም ደግ ሁኑ» ብዬ ደመደምኩ። ከኋላ መቀመጫ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ ላሚቱ ላም ብቻ ብትሆንስ?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መልስ ስላልነበረኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጂቱ እጇን ቀስ ብላ አወረደች፤ በዚያ ዓመት ዳግመኛ ስትጠይቅ አልሰማኋትም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ተረቱን ደግሜ ሳነብ አፈርኩ። ያስተማርኩት ደግነትን ሳይሆን ንግድን ነበር፤ ነገ ልዑል ሊሆን ይችላል ተብሎ ለላም የሚሰጥ ድርቆሽ ብድር እንጂ ቸርነት አይደለም። ታናሺቱ ገብሱን ስታቀርብ ስለ ድግምቱ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ያየችው ረኃብን ብቻ ነው።

ሌላም ያላስተዋልኩት ነገር ነበር። በመጨረሻው የንጉሡ ልጅ ሁለቱን እህቶች ከአንድ ከሰል አክሳይ ዘንድ በአገልጋይነት እንዲቆዩ ይወስናል፤ ይኸውም ጠባያቸው እስኪታረምና ምስኪን እንስሳትን ማስራብ እስኪተዉ ድረስ ነው። ሥራን ቅጣት ማድረጉ፣ አሽከሮቹም ሰው ከሆኑ በኋላ አሽከር ሆነው መቅረታቸው የዚያ ዘመን ሥርዓት ጥላ ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ በዚያች ሰዓት በጫካው ቤት ድግምት ያለበት እንስሳ አልቀረም። እንግዲህ የተረቱ የመጨረሻ ቃል ስለ ተራ ዶሮና ስለ ተራ ላም ነው። የተማሪዬ ጥያቄ መልስ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጽፎ ሳለ፣ እኔ ሠርጉን ብቻ ተመልክቼ መጽሐፉን ዘግቼ ነበር።

ለሕፃናት የምንጽፍ፣ የምንስልና የምናስተምር ሁሉ ለደግነት ሽልማት ለመስጠት እንቸኩላለን። ሽልማቱ ሲገን ግን ደግነቱ ይደበዝዛል። ደግሞም እነዚያ ታላላቅ እህቶች ክፉዎች አልነበሩም፤ ከገበታው አጠገብ ያለውን ብቻ አይተው በጥጉ ያሉትን ረሱ። እኔም በዚያች ዕለት በክፍሌ ውስጥ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ዛሬ ተረቱን ስነግር ያንን ጥያቄ ራሴ አነሣዋለሁ፤ መልሱንም መጠየቅ የምጀምረው ከኋላ መቀመጫ ነው።