በባቡር ሄዶ በብስክሌት መድረስ፦ የኔዘርላንድስ የጉዞ ማስታወሻ

ብስክሌትን ከሕዝብ ማመላለሻ ጋር አጣምሮ መጓዝ ማለት አንድ ተጓዥ ከመነሻው እስከ መድረሻው ካለው መንገድ ከፊሉን በፔዳል፣ ከፊሉን ደግሞ በባቡር፣ በሜትሮ ወይም በመርከብ የሚሸፍንበት ዘዴ ሲሆን፣ በብዙ አገሮች የጥቂት አፍቃሪዎች ልማድ ሆኖ ቢቀርም በኔዘርላንድስ ግን የተራው ሕዝብ አኗኗር ከሆነ ቆይቷል። ባቡር ረጅሙን ርቀት በአጭር ጊዜ ይጨርሳል፤ ይሁን እንጂ ተሳፋሪውን ጣቢያ ላይ አውርዶ ይሄዳል እንጂ እስከ ደጃፉ አይሸኘውም። ብስክሌት በበኩሉ ከደጃፍ አንስቶ ደጃፍ ያደርሳል፤ ነገር ግን ርቀቱ ከአሥር ኪሎ ሜትር ሲያልፍ የብዙ ሰው ጉልበትና ጊዜ አይበቃውም። ጉድለታቸው እንዲህ ተቃራኒ በመሆኑ አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ይሞላል፤ የብስክሌቶቿ ቁጥር 18 ሚሊዮን ገደማ ከሆነው ሕዝቧ በሚበልጥባት በዚህች ለጥ ያለች አገር፣ ከባቡር ተሳፋሪዎች ግማሽ ለመሙላት ጥቂት የሚቀራቸው ወደ ጣቢያ የሚመጡት በብስክሌት ነው።

አገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጎበኝ ሰው ይህን ሲሰማ ባቡሮቹ በብስክሌት ተጨናንቀው አገኛቸዋለሁ ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም፤ በፉርጎው ውስጥ በብዛት የሚያገኘው ግን ብስክሌቱን ጣቢያው ላይ ትቶ ባዶ እጁን የተሳፈረ ሰው ነው። ኔዘርላንዳውያን ያተኮሩት ብስክሌት ባቡር ላይ እንዴት ይጫናል በሚለው ጥያቄ ላይ ሳይሆን፣ ሳይጫን እንዴት በሁለቱም ጫፍ ሊገኝ ይችላል በሚለው ላይ ነው። አንድ ብስክሌት በፉርጎ ውስጥ የበርካታ ሰዎችን መቆሚያ ስለሚይዝ፣ በየማለዳው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚያጓጉዝ ድርጅት ይህን ሁሉ ብስክሌት እጭናለሁ ቢል ባቡሩ ለሰው ቦታ ባልቀረው ነበር።

ብዙዎች እንደሚያስቡት ይህ ሥርዓት ሳይቋረጥ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሕዝቡ ገቢ ሲያድግ መኪና ከተሞቹን አጥለቅልቆ ብስክሌትን ወደ ዳር ገፍቶት የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ከ3,000 በላይ ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሞተዋል፤ ከነዚህም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል ስም የያዘው የወላጆች ንቅናቄ ከዚህ ሐዘን የተወለደ ሲሆን፣ በ1973 የነዳጅ ማዕቀብ ሲመጣ መንግሥት መኪና የማይነዳባቸውን እሑዶች አወጀ። (እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተካሄደውን «መንገድ ለሰው» የተባለ መኪና አልባ ቀን የሚያስታውስ አንባቢ የዚያን ዘመን የአምስተርዳም ፎቶግራፎች ቢያይ ብዙ አይገርመውም።) የተለየው የብስክሌት መንገድ በስፋት የተዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥርዓቱን አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ለማየት የሚሻ ተጓዥ ከዩትሬክት ማዕከላዊ ጣቢያ የተሻለ አያገኝም። ዩትሬክት በአገሪቱ መካከል የምትገኝ፣ ዋና ዋናዎቹ የባቡር መስመሮች የሚገናኙባት ከተማ ስትሆን፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ሥር የተሠራውና በ2019 ሙሉ በሙሉ የተጠናቀቀው ባለ ሦስት ደርብ ማቆሚያ 12,500 ብስክሌቶችን ይይዛል። ወደዚህ ማቆሚያ የሚገባ ሰው ከብስክሌቱ መውረድ አያስፈልገውም፤ ከከተማው የመጣው መንገድ ራሱ ተዳፋት ሆኖ ወደ ውስጥ ይወስደዋል፣ በየረድፉ መግቢያ ላይ የተሰቀሉት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎችም ስንት ክፍት ቦታ እንደቀረ እየነገሩት እስከ ማቆሚያው መደርደሪያ ድረስ ፔዳሉን እየረገጠ ይደርሳል። መደርደሪያው ባለ ሁለት እርከን ነው፤ የላይኛው እርከን ሀዲድ ወደ ፊት ሲሳብ እየተንሸራተተ ዝቅ ስለሚል ተጓዡ የፊት ጎማውን ሀዲዱ ላይ አሳርፎ ብስክሌቱን ይገፋና ሀዲዱን በመያዣው አንሥቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። እንግዳ ሰው መጀመሪያ ላይ እዚህ ጋ ሲታገል ከኋላው የሚመጣው የአገሩ ሰው በጥቂት ሰከንዶች ጨርሶ ወደ ባቡሩ ሲሮጥ መታየቱ የተለመደ ነው። የዕቃ ሳጥን ላላቸውና ለረጃጅም ብስክሌቶች የተለየ ቦታ ተከልሏል፤ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት በነፃ ሲሆኑ ከዚያ በላይ ለሚቆይ ብቻ አነስተኛ ክፍያ ይጠየቃል። ይህ የነፃ ሰዓት ደግሞ በቸርነት የተሰጠ ሳይሆን የተሰላ ነገር ነው፤ ማለዳ አቁሞ ማታ የሚመለሰው ሠራተኛ ምንም ሳይከፍል፣ ብስክሌቱን ለሳምንታት ጥሎ የሚጠፋው ሰው ግን ቦታ ስለያዘ እንዲከፍል ታስቦ የተሠራ ነው። አምስተርዳምም በ2023 መጀመሪያ ላይ ከማዕከላዊ ጣቢያዋ ፊት ለፊት፣ ከውኃ ሥር ቆፍራ 7,000 ብስክሌቶች የሚይዝ ማቆሚያ ከፍታለች።

ይህ ሁሉ የጉዞውን የመጀመሪያ ጫፍ ብቻ ይፈታል፤ ከባቡሩ ከወረዱ በኋላ ያለውን ሁለተኛውን ጫፍ የሚፈታው «ኦቬ ፊትስ» የተባለው፣ ማለትም የሕዝብ ማመላለሻ ብስክሌት የሚል ትርጉም ያለው የኪራይ አገልግሎት ነው። የአገሪቱ የምድር ባቡር ድርጅት ከ2008 ጀምሮ በእጁ ያደረገው ይህ አገልግሎት በሰማያዊና በቢጫ ቀለሙ ይታወቃል፤ በአገሪቱ ባሉት አብዛኞቹ ጣቢያዎች ይገኛል፤ ለ24 ሰዓት የሚጠየቀው ኪራይም ጥቂት ዩሮ ብቻ ነው። ብስክሌቱ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፦ ማርሽ የለውም፣ ክብደቱ ቀላል አይባልም፣ የኋላ ፍሬኑም የሚይዘው ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ በመሆኑ የእጅ ፍሬን የለመደ እንግዳ የመጀመሪያውን መስቀለኛ መንገድ በጥንቃቄ ቢያልፍ ይበጀዋል። ሁለት ነገሮች ግን አስቀድመው መታወቅ አለባቸው። አንደኛው ብስክሌቱ ከተወሰደበት ጣቢያ ውጭ ከተመለሰ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቁ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ አገልግሎቱ በስም ከተመዘገበ የጉዞ ካርድ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ለአጭር ጊዜ ለመጣ ቱሪስት በሩ እንደ አገሬው ሰው ወለል ብሎ አለመከፈቱ ነው። እንዲህ ላለው ተጓዥ በየጣቢያው ዙሪያ የሚገኙት የግል አከራዮች ይሻሉታል።

የራሱን ብስክሌት ይዞ ለመጓዝ የቆረጠ ሰው ደግሞ የሕጉን ጥብቅ ጎን ያገኘዋል። ባቡሩ ላይ ብስክሌት ለመጫን ለብስክሌቱ የተለየ የቀን ትኬት መግዛት ያስፈልጋል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡00፣ ከሰዓት በኋላም ከ10፡00 እስከ 12፡30 ባለው የመጨናነቂያ ሰዓት መጫን ፈጽሞ አይፈቀድም። በተፈቀደው ሰዓትም ቢሆን ተጓዡ መቆም ያለበት የብስክሌት ምልክት የተለጠፈበት በር ፊት ለፊት ነው፤ በዚያ በር ሲገባ ተጣጥፈው ወደ ግድግዳው የሚጠጉ ወንበሮች ያሉበትን ጠባብ ቦታ ያገኛል፣ ሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ብስክሌቶች ቀድመው ከገቡ ግን የሚቀጥለውን ባቡር ከመጠበቅ ሌላ አማራጭ የለውም። ከዚህ ሁሉ ነፃ የሆነው ታጣፊ ብስክሌት ብቻ ነው። ለምሳሌ በ1970ዎቹ አጋማሽ በለንደን የተፈለሰፈው ብሮምፕተን ጎማዎቹ ትናንሽ በመሆናቸው ሲታጠፍ እንደ መካከለኛ ሻንጣ ስለሚሆን፣ ታጥፎ እስከተያዘ ድረስ በማንኛውም ሰዓት ያለ ትኬት ይገባል።

ጥብቅነቱ የሁሉም አገር ሕግ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የከተማው አውቶቡሶች ከፊት ለፊታቸው የሚዘረጋ የብስክሌት መጫኛ አላቸው፤ የሜትሮ ባቡሩም ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ በመጨናነቂያ ሰዓትም ቢሆን ብስክሌት መያዝን ፈቅዷል። ይህ ሊሆን የቻለው ግን ብስክሌት የሚይዘው ሰው ከኔዘርላንድስ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም። በኢትዮጵያም አገር አቋራጭ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ብስክሌት ከጆንያና ከፍራሽ ጋር ታስሮ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዋጋው ከረዳቱ ጋር በድርድር የሚያልቅ መሆኑ ለተጓዡ ይመቸው እንደሆነ እንጂ ለካቴናውና ለጎማው ዋስትና የለውም። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረችውና ብስክሌት የበዛባት ባሕር ዳር መናኸሪያዋ አጠገብ ጥበቃ ያለው ማቆሚያ ቢኖራት፣ ከጣሪያ ላይ ጭነት ይልቅ ብዙ ሰው ይጠቀም ነበር።

ወደ ኔዘርላንድስ መንገዶች እንመለስና፣ ጥምር ጉዞ ለመዝናኛ ሲውል መንገዱን የሚመርጠው ከሁሉ በፊት ነፋስ ነው። አገሪቱ ተራራ ስለሌላት ተጓዡን የሚፈትነው ዳገት ሳይሆን ከሰሜን ባሕር የሚነሣው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ሲሆን፣ ፊት ለፊት ሲመጣ ከማንኛውም ዳገት ይከፋል፤ ዳገት ቢያንስ ቁልቁለት አለው። በመሆኑም ልምድ ያለው ብስክሌተኛ የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ፣ በነፋሱ ላይ በባቡር ይሄድና ነፋሱን ከኋላው አድርጎ በፔዳል ይመለሳል። ለዚህ ዘዴ የሮተርዳም ሜትሮ እጅግ የተመቸ ነው፤ ከ2019 ጀምሮ መስመሩ ከእንግሊዝ የሚመጡ መርከቦች እስከሚያርፉባት እስከ ሁክ ቫን ሆላንድ ወደብ ድረስ ስለሚዘልቅ፣ ከመጨናነቂያ ሰዓት ውጭ ብስክሌቱን ይዞ የተሳፈረ ሰው ከባሕሩ ዳር ይወርዳል። ከዚያ ተነሥቶ በአሸዋ ኮረብታዎቹ መካከል በተነጠፈው የብስክሌት መንገድ ሽቬኒንገንን፣ ካትቫይክንና ኖርትቫይክን እያለፈ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲነዳ ነፋሱ ጀርባውን ይገፋዋል፤ የባቡር ጣቢያዋ ከባሕሩ ዳርቻ ጥቂት እርምጃ ብቻ የምትርቀው ዛንድቮርት ሲደርስም ግማሽ ሰዓት ገደማ በሚፈጅ ባቡር አምስተርዳም ይገባል። ጉልበቱ መንገድ ላይ ቢያልቅ ደግሞ ከባሕሩ ወደ ውስጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ በሄግ ወይም በላይደን ባቡር ሊይዝ ይችላል። የጥምር ጉዞ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይመስላል፤ የደከመ ሰው የጀመረውን መንገድ የመጨረስ ግዴታ የለበትም።

ወደ ሰሜን የሚያመራ ተጓዥ የቴክሰል ደሴትን ሊመርጥ ይችላል። ከአምስተርዳም ባቡር ይዞ በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ዴን ሄልደር ይደርሳል፤ ከጣቢያው እስከ መርከቡ ያለውን ጥቂት ኪሎ ሜትር በብስክሌት ጨርሶ 20 ደቂቃ ገደማ የሚፈጀውን ባሕር ይሻገራል። መርከቡን የሚያስኬደው ቴሶ የተባለው ኩባንያ የደሴቲቱ ነዋሪዎች በ1907 ራሳቸው አክሲዮን ገዝተው ያቋቋሙት ሲሆን፣ ዛሬም አብዛኛው ድርሻ በእነሱ እጅ ነው፤ ክፍያው የሚጠየቀው ዴን ሄልደር ላይ ብቻ ነው፣ ከደሴቲቱ ሲመለሱ ማንም ትኬት አይጠይቅም። በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ የቆመው ቀይ የመብራት ማማ ከ1864 ጀምሮ መርከበኞችን ሲመራ ኖሯል።

መንገድ ማመላከቻው ሌላው የአገሩ ብልሃት ነው። የከተማ ስም የተጻፈባቸውን ምልክቶች ከማሳደድ ይልቅ ተጓዡ ቁጥር የተሰጣቸውን መገናኛዎች ይከተላል፤ ሁለት የብስክሌት መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ቁጥር ያለበት ሰሌዳ ስለተተከለ፣ ማለዳ ላይ የሚያልፍባቸውን ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ መሪው ላይ የለጠፈ ሰው ካርታ ሳይዘረጋ ቀኑን ሙሉ ሊነዳ ይችላል። ሐሳቡ የመጣው ከቤልጂየም ሲሆን፣ ሁጎ ቦለን የተባለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን መሐንዲስ በ1990ዎቹ አጋማሽ የማዕድን ዋሻዎች መገናኛ የሚለይበትን ቁጥር አስታውሶ ወደ ምድር ላይ አወጣው። የዚህን ዘዴ ምቾት ለማየት በማስትሪክት ዙሪያ ያለው የሊምቡርግ ምድር ጥሩ ነው፤ በአውሮፓ ባለው የኔዘርላንድስ ግዛት ከፍተኛው ቦታ፣ 322 ሜትር ከፍታ ያለው ፋልሰርበርግ እዚያ ስለሚገኝ፣ አገሩ ሁሉ ሜዳ ነው ብሎ የመጣ ሰው ግምቱን ያስተካክላል።

ከባድ ብስክሌቱን ከአገሩ ይዞ ለመምጣት የሚያስብ አንባቢ ጁላይና ኦገስትን ይምረጥ፤ በእነዚህ ሁለት ወራት የመጨናነቂያ ሰዓት ክልከላው ይነሣል፣ የብስክሌቱን ትኬት የገዛ ሁሉ በማንኛውም ሰዓት መሳፈር ይችላል። በሌላው ወቅት የሚመጣ ግን ብስክሌቱን ቤቱ ትቶ በየደረሰበት ጣቢያ ቢከራይ ገንዘቡም ጉልበቱም ይተርፍለታል።