ጓጉንቸርና ጣት

በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ሸቀጥ ያራግፉባት የነበረችው ጋምቤላ የመጋዘንን ዋጋ ታውቃለች፤ መጋዘንም ያለ ጓጉንቸር አይታመንም። ቁልፉ የጠፋበት ጓጉንቸር ለባለቤቱ ችግር፣ ለብልህ ጣት ግን ፈተና ነው።

በሆዱ ውስጥ በሞላ የሚገፉ ትንንሽ ዘንጎች ተደርድረዋል። ከፋቹ እምብርቱን በስሱ እያጠማዘዘ፣ በቀጭን ሽቦ ዘንጎቹን አንድ በአንድ እስከ ልካቸው ያነሣል። በወንዝ ዳር ርጥበት የዛገ ተራ ጓጉንቸር ውድ ከሆነው ይልቅ ጣትን ሊያደክም ይችላል፤ ክብደቱ ለብርታቱ ምስክር አይሆንም።

የአንድ እጅ ችሎታ እንኳ በየቁልፉ እንደሚለያይ በይፋ የታየው እ.ኤ.አ. በ1851፣ በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ወቅት ነበር። አሜሪካዊው አልፍሬድ ሆብስ የቻብን ቁልፍ በ25 ደቂቃ ያህል ከፈተ። ለስድሳ ዓመታት ያህል ሳይደፈር የኖረው የብራማ ቁልፍ ግን በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት ፈጀበት። እጁ ያው ነበር፤ የተለያየው የቁልፎቹ ምስጢር ነው።

ጥበቡ ወሰን አለው። ጣት የሚሠለጥነው በራስ ጓጉንቸር ወይም ባለቤቱ ፈቅዶ በሰጠው ላይ ነው። ፈቃድ ከሌለ ያው ብልሃት ስሙ ሌብነት ይሆናል። የከፋቹ ታላቅ ችሎታም፣ ሊከፍተው የሚችለውን የሰው በር ሳይነካ ማለፉ ነው።