ሳምንቱን የያዘችው ሰኞ

ባቲ ላደገ ልጅ ሳምንቱ የሚጀምረው ከእሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አፋሮቹ ግመሎቻቸውን እየነዱ ወደ ከተማዋ ሲጠጉ፣ ነገ የገበያው ቀን ሰኞ መሆኑን ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ ማየት አያስፈልግም። በማግሥቱ ደገኛው እህሉን፣ ቆለኛው ጨውና ከብቱን ይዞ ሜዳውን ይሞላዋል፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አፋርኛው ይደባለቃል። ብድር የሚከፈለው ሰኞ ነው። ለሩቅ ዘመድ መልእክት የሚላከው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ለልጅ ሚስት የሚታጨውም ሰኞ። «መቼ እንገናኝ?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ የአገሩ ሰው አይደለም።

የቀረው ሳምንት የሰኞ ተከታይ ነበር። እማዬ ከገበያ ያመጣችው ማሽላና ጤፍ ማክሰኞ ይበጠራል፣ ይለቀማል፤ ረቡዕ ወፍጮ ቤት ደርሶ ማታውኑ ይቦካል። እርሾ ደግሞ ልመና አይሰማም፤ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ከዚያ አብሲቱ ተጥሎ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ቅዳሜ ምጣዱ እንዲሰማ የፈለገች ሴት ሰኞ ማሰብ ነበረባት። ይህን ዕቅድ ብሎ የጠራው ሰው ግን አልነበረም፤ እማዬም ብትሰማ የምትስቅ ይመስለኛል።

ወጡም ቢሆን ብዙ አያከራክርም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ሽሮ ነው፣ አለቀ። ዓርብ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጁምዓ ስለሆነ ያን ቀን ማን የት እንደሚገኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከሳምንት የረዘመው ጉዳይ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም እየተባለ ይቀጠራል። «ከሚካኤል ማግሥት እሰጥሃለሁ» ያለ ባለዕዳ፣ ቀኑን ረሳሁት ብሎ ማምለጥ አይችልም።

አሁን አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ ሳምንቴ ያለው ስልኬ ውስጥ ነው። ስብሰባው ሰማያዊ፣ የልጆች ጉዳይ አረንጓዴ፣ ለቅሶ መድረስ ቢጫ። ቢጫው ከሳምንት ሳምንት ይገፋል። በመሥሪያ ቤት ደግሞ በአሠራር ለውጥ ስም የመጡትን ቢፒአሩንም፣ ቢኤስሲውንም፣ አንድ ለአምስቱንም አሳልፈናል፤ ስሙ ቢለዋወጥም የሳምንት ዕቅድ ቅጽ መሙላቱ አልቀረም። ሰኞ ጧት ሳምንቱን ለማቀድ እንሰበሰባለን፣ ስንነሣ ሰኞ አልፏል።

ይህን ሁሉ ለታላቅ እህቴ ሳማርር ቡና እየቀዳች አደመጠችኝና፣ «ያኔማ እንዴት ቀላል ነበር!» ስል ቀና አለች።

«ለማን?» አለችኝ። «ወፍጮ ቤት ተሰልፈህ ታውቃለህ? ውኃ ቀድተሃል? አንተ የምታውቀው ቅዳሜ እንጀራ መኖሩን ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ያ ያለ ጭንቀት ይዞር የነበረ ሳምንት የሚዞረው በእማዬ ወገብና በእህቶቼ ጀርባ ነበር። ዛሬ እንጀራውን ከሱቅ የምትገዛ ሴት የድሮውን ሳምንት ብትናፍቅ ይገርመኛል፤ የሚናፍቀው ብዙውን ጊዜ እንደኔ ያለ ወንድ ነው።

ግን እህቴም ብትሆን አንድ ነገር አልካደችኝም። ያኔ ሥራው ይከብዳል እንጂ ቀኑን መምረጥ የማንም ራስ ምታት አልነበረም፤ ሰኞ የሁሉም ሰኞ ነው። አሁን ሥራው ቀለለ፣ ቀኑ ግን ጠፋ። እያንዳንዳችን የየራሳችን ሳምንት ስላለን አራት ወንድማማችና እህትማማቾች አንድ የታመመ አጎት ለመጠየቅ በቴሌግራም ድምፅ እንሰጣለን። አንዱ ሐሙስ ይላል፤ ሌላዋ «ከ11 በኋላ ከሆነ» ትላለች፤ ጅዳ ያለችው የትኛው 11 እንደሆነ ትጠይቃለች። አጎታችን ይህን ሁሉ ሳንጨርስ ተሽሎት ገበያ ወጣ።

እህቴ ከዚያ ወዲህ ድምፅ ማሰጠቱን ተወችው። «ረቡዕ ማታ እኔ ጋ ሽሮ አለ፤ የመጣ ይበላል» ብላ ጻፈች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ረቡዕን የመረጠችው ጾም ስለሆነ ምን ልሥራ ብላ እንዳትጨነቅ ነው። በየሳምንቱ ሁላችንም ባንመጣም ቤቷ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ታናሽ ወንድማችን ብቻ፣ የሥራ ጠባይ ሆኖበት፣ በዋዜማው ማስታወሻ እንድትልክለት ጠየቃት።

አልላከችለትም።