አየሁ እንጂ አልበረርኩም

በየዓመቱ የካቲት 26 ቀን አጎቴ ሬዲዮኑን ይዘጋ ነበር። ኢትዮጵያ በሶማሊያ ጦር ላይ የተቀዳጀችው የካራማራ ድል በዓል ነው፤ ማርሹና ንግግሩ ከማለዳ ጀምሮ ይተላለፋል። እሱ ግን ቡናውን ሳይጨርስ ይነሳና ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ሲመሽ ነው የሚመለሰው። እናቴ «ተዉት፣ ዛሬ የሱ ቀን አይደለም» ትለን ነበር። በኢትዮጵያ አየር ኃይል ያገለገለ፣ በዚያው ጦርነት የዘመተ ሰው የካራማራ ቀን የሱ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? በልጅነቴ ይህን ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ያደግነው ደብረ ዘይት ነው፤ ዛሬ ቢሾፍቱ በምንላት ከተማ። የሰፈራችን ልጅ ሁሉ አባቱ ወይም አጎቱ አየር ኃይል ነው። «የማን አባት ስንት ሜዳይ አለው?» ብለን እንቆጥር ነበር። ከአጎቴ ግድግዳ ላይ ግን አንድም አልነበረም። አንድ የአውዳመት ቀን ጎረቤታችን ጠላ እየጠጡ «ጋሼ፣ አየር ኃይል ነበርኩ ትላለህ፤ ታዲያ ሜዳይህ የታለ?» አሉት። አጎቴ ዝም ብሎ ቆየና «አየሁ እንጂ አልበረርኩም» አለ። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀውም።

ካረፈ በኋላ የቆርቆሮ ሳጥኑን የከፈትነው እናቴና እኔ ነን። ከልብሶቹ ሥር አንድ ፎቶግራፍ ነበር። ሦስት ወጣቶች የአየር ኃይል ልብስ ለብሰው ድንጋያማ ተራራ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው እንደ ትልቅ ወንፊት የተጠማዘዘ ብረት ይታያል። በፎቶው ጀርባ በአጎቴ እጅ የተጻፈው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «ካራማራ፣ ግንቦት 1969»።

ፎቶውን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት እዚያው ቢሾፍቱ ወደሚኖሩ አንድ የአየር ኃይል ጡረተኛ ቤት ነው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ወንፊት ያልሽው ራዳር ነው» አሉኝ። «አሜሪካኖች የሰጡን። አጎትሽ የሚሠራው ከሱ ሥር፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነበር።»

«ምን ይሠራ ነበር?»

«ያያል፣ ልጄ። ሌሊትም ቀንም ያያል።»

ከዚያ አስረዱኝ። በ1969 ዓ.ም. አየር ኃይላችን የነበሩት ምርጥ አውሮፕላኖች ኤፍ-5 ናቸው። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ከአሜሪካ ጋር ግንኙነቱ ስለተበላሸ መለዋወጫም መምጣቱ ቆሟል። ከወዲያ የሶማሊያ አየር ኃይል ሶቪየት ሠራሽ ሚግ-17 እና ሚግ-21 አሉት። ኤፍ-5 በራሱ የሚያየው ቅርቡን ነው፤ ነዳጁም አየር ላይ ብዙ አያቆየውም። ጠላት ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ ተነስቶ ሲዞር ቢውል ነዳጁን ጨርሶ ይመለሳል። ተራራ ላይ ያለው ራዳር ግን ሜዳውን አልፎ ሩቅ ያያል። የሚመጣውን አውሮፕላን አቅጣጫ፣ ርቀትና ከፍታ ይለያል። ስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሰው በሬዲዮ አብራሪውን ይጠራል፦ ወደዚህ ዙር፣ ይህን ያህል ውጣ፣ ከፊትህ ናቸው።

«አብራሪው ሲተኩስ ሁሉም ያየዋል» አሉኝ ጡረተኛው። «እዚያ ቦታ ያደረሰውን ድምፅ ግን ከአብራሪው በቀር የሚሰማው የለም።»

በሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። በነሐሴ ድሬዳዋ ድረስ ደርሶ ተመለሰ። በእነዚያ ወራት በምድር ላይ ስንሸነፍ በሰማይ ግን የበላይነቱ የኛ ነበር፤ ሚጎቹ እየቀነሱ፣ ከዚያም መታየት እየተዉ ሄዱ። የዚያ ክረምት አብራሪዎች ስም ዛሬም በክብር ይነሳል። ባጫ ሁንዴ አለ። በዛብህ ጴጥሮስ አለ፤ በኋላ በኤርትራ በኩል ሁለት ጊዜ የተማረከው። ለገሠ ተፈራም አለ፤ የጠላት አውሮፕላኖችን በአየር ላይ ጥሎ፣ ራሱም ተመትቶ በሶማሊያ እስር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ያህል የቆየው። የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ የተሸለመ፣ በ1980 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ምርኮኛ ሲለዋወጡ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው። ለዚህ ሰው ሜዳይ አነሰው እንጂ አልበዛበትም።

«የካራማራውን መጨረሻ እኔ አላየሁም» አሉኝ ጡረተኛው ፎቶውን እየመለሱ። «ቀደም ብዬ ወደ ድሬዳዋ ተዛውሬ ነበር። እዚያ ሆነን ግን እንሰማ ነበር። አብራሪዎቹ ካራማራን ይጣራሉ። ካራማራ አይመልስም።»

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ካራማራ ተነሳሁ።

ከሐረር ወጥቶ ባቢሌ ላይ መኪናው ይቆማል፤ ሴቶች በመስኮት ኦቾሎኒ ያቀብላሉ። ከባቢሌ ወዲያ በዳካታ በኩል አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደሩ ድንጋዮች የቆሙበት ሸለቆ አለ፤ ትንሽ ንፋስ የሚጥላቸው ይመስላል፣ ግን ስንት ዘመን ቆመዋል። ቦምባስና ፋፈን ያልፋሉ። ቀጥሎ መንገዱ ወደ ማርዳ ማለፊያ ይወጣል። ካራማራ ማለት ይህ ነው፤ ከደጋው ወደ ሜዳው የሚያስገባ በር። ጫፉ ላይ ስደርስ ሾፌሩን እንዲያቆም ለመንኩት። ከፊቴ የጅግጅጋ ሜዳ ተዘርግቷል፤ እስከ ቶጎ ውጫሌ፣ እስከ ድንበሩ ዓይን የሚያግደው የለም። ራዳሩ ለምን እዚህ እንደተተከለ ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ጅግጅጋ ውስጥ ይዞኝ የሚዞረው ባለ ባጃጅ ፎቶውን አየና «አዴር ጋ እንሂድ፤ ከተራራው ሥር ነው ያደጉት» አለኝ። አዴር ማለት በሶማሊኛ የአባት ወንድም ነው፤ ሽማግሌ ሁሉ በዚህ ይጠራል። በረንዳቸው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀመጡ። የግመል ወተት ያለበት ሻይ ቀረበልን።

«አዴር፣ ይህን ቦታ ያውቁታል?»

ፎቶውን ወደ ብርሃን ያዙት። «ይሄ የሚዞረው ነገር ነው» አሉ። «ልጅ ነበርኩ፤ በግ እጠብቅ ነበር። ቀንም ሌሊትም ይዞራል። ፀሐይ ከሱ ጀርባ ስትገባ በጎቻችንን እንመልሳለን። ሰዓታችን እሱ ነበር። እናቴ ለወታደሮቹ ወተት ትሸጥ ነበር፤ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ዕዳ አያስቀሩም ትላለች።»

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«አንድ ቀን ቆመ። ከዚያ በፊት ብዙ ተኩስ ነበር። ወደ ላይ አየን፤ አይዞርም። በማግስቱ ሊነጋ ሲል ጥቂት ወታደሮች በእግራቸው ወረዱ። ጠመንጃ የያዘም ያልያዘም አለ። እናቴ ወተት ሰጠቻቸው፤ ገንዘብ አልተቀበለችም። አንደኛው ጠጥቶ ቅሉን ሲመልስ ወደ ተራራው ዞሮ ዞሮ ያያል። እናቴ ‹ይሄ ልጅ የሞተ ዘመድ ትቶ ነው የወረደው› አለች።»

አጎቴ ነው ብዬ አልምልም። ግን ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

በመስከረም 1970 መጀመሪያ ጅግጅጋ ወደቀች። ራዳሩ ከጥቅም ውጭ መሆኑ የጦራችንን ወኔ ከሰበሩት ነገሮች አንዱ ነበር፤ ጦሩ ከተማዋን ለቅቆ ወደ ማርዳ አፈገፈገ፤ ማርዳም ተያዘ። ከስድስት ወር በኋላ የኢትዮጵያና የኩባ ጦር በሄሊኮፕተር እየታገዘ ተራራውን ተሻግሮ ከሰሜን በኩል መጥቶ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋን መልሶ ያዘ። በዓሉ የሚከበረው ለዚህ ነው።

«ያን ቀንስ የት ነበሩ?» አልኳቸው።

«መንገድ ላይ» አሉ አዴር። «ወደ ሐርጌሳ ስንሸሽ። ለናንተ የድል ቀን ነው፤ አውቃለሁ። ለእናቴ የስደት ቀን ነው። ብዙ ዓመት ድንኳን ውስጥ ኖረን ነው የተመለስነው።» ቂም ግን በፊታቸው ላይ አላየሁም። ፎቶውን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። «አጎትሽ ስለኛ ምን ይል ነበር?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ አጎቴ ስለማንም ምንም አይልም ነበርና።

ያን ማታ ሆቴል ሆኜ ሬዲዮኑ ለምን ይዘጋ እንደነበር ገባኝ። የካቲት 26 ተራራውን ያስመለሱት ሰዎች ቀን ነው። አጎቴ ተራራውን ለቀው ከወረዱት ወገን ነው። ሰማዩን ክረምቱን ሙሉ ያየው ዓይን ሲታወር አጠገቡ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተጣሩት አብራሪዎች መልስ አላገኙም። ሌላው የድል ዘፈን ሲሰማ እሱ የሚሰማው ያን ጥሪ ነበር።

ሽልማት ምስክር ይፈልጋል። ከዚሁ አካባቢ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲባረር ጅግጅጋ የገቡት ናይጄሪያውያን ወታደሮች ነበሩ። በዚያው ሰሞን የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል አብራሪዎች የድሬዳዋን አውሮፕላን ማረፊያ ሲደበድቡ የካፒቴን ጆን ፍሮስት አውሮፕላን ተመትቶ እዚያው ጠላት ሜዳ ላይ አረፈ። ጓዱ ሌፍተናንት ቦብ ከርሾ በተኩስ መሃል አጠገቡ አረፈ፤ ለአንድ ሰው በተሠራችው ሃሪኬን አውሮፕላን ሁለቱም ተደራርበው ተነሱ። ከርሾ ወዲያው ከፍተኛ የእንግሊዝ የጦር ሜዳ ኒሻን ተሸለመ። ይገባዋል። ግን አስተውሉ፦ ፍሮስት በሕይወት ተርፎ ተናገረ፤ አለቃው ጻፈ፤ ጽሑፉ ተቀመጠ። ስክሪን ፊት ለተቀመጠ ሰው ማን ይመሰክርለታል?

ከዚህ ጥያቄ ጋር የታገሉ ሌሎች ሰዎችም አሉ። ካናዳውያንን እንውሰድ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሸለሙትን የካናዳ አየር ኃይል ሰዎች ሂዩ ሃሊዴይ የተባለ የታሪክ ጸሐፊ አንድ በአንድ ሰብስቧቸዋል፦ ስም፣ ማዕረግ፣ ክፍል፣ የተሸለሙበት ምክንያት። የልጅ ልጅ የአያቱን ስም ፈልጎ ያገኛል። በዚያው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ካናዳውያን የራዳር ሠራተኞች በእንግሊዝ አየር ኃይል ሥር አገልግለዋል። ሥራቸው ምስጢር ስለነበረ ቤታቸው ተመልሰው እንኳ አይናገሩም ነበር። ካረጁ በኋላ ግን ትዝታቸውን ራሳቸው አሰባስበው በመጽሐፍ አሳተሙት። ሜዳይ ያላገኘውም ስሙ ገባ።

አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ባለው ትግላችን ሐውልት በዚያ ጦርነት የወደቁት ኩባውያን ምስል አለ። በፊታቸው ሳልፍ ሁልጊዜ ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ፤ የሰው አገር መጥተው ሞተዋል። አሁን ሳልፍ ግን የአጎቴንና የሁለቱን ጓደኞቹን ፎቶም አስባለሁ። ከአጎቴ ግራና ቀኝ የቆሙት ልጆች ስም በፎቶው ጀርባ አልተጻፈም።

ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው። አብራሪ ብቻውን አይበርርም። ቦምብ የሚጭን፣ ነዳጅ የሚሞላ፣ ሞተር የሚያድስ፣ ራዳር ፊት ሌሊቱን የሚያነጋ ሰው አለ፤ ብዙዎቹ ዛሬ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናቸው። ቤታችሁ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጡ። የት እንደነበረ፣ ምን እንደሠራ፣ አጠገቡ ማን እንደቆመ ጠይቁትና ጻፉት። ፎቶ ካለ ጀርባውን ገልብጣችሁ የሁሉንም ስም ጻፉበት። ስለ ሜዳይ አትጠይቁት፤ ምን እንዳየ ጠይቁት። ከተራራው ማዶ የነበሩትም፣ እንደ አዴር ያሉት፣ ያዩት አላቸውና እነሱንም ጠይቁ።

እኔ አጎቴን ሳልጠይቀው ሞተ።