የኔታ ያቀኑልኝ ቅኔ

የመጀመሪያዪቱን ጉባኤ ቃናዬን ለየኔታ በነገርሁ ዕለት፣ ሁለት ቤት ብቻ ስትሆን ሰሟ ከወርቋ አልገጠመም ነበር። ባልንጀሮቼ ሳቁ። የኔታ ግን ጥቂት ዝም ብለው «አሳቡ መልካም ነው፤ ልብሱ አጥሮበት ነው እንጂ» አሉና አንዲት ቃል ለውጠው አቀኑልኝ። በማግሥቱ ከሁሉ ቀድሜ ለቆጠራ ወጣሁ።

ኋላ እኔ ራሴ ጉባኤ ዘርግቼ ሳስተምር ይህን ዘነጋሁ። የአንዱን ልጅ ቅኔ በባልንጀሮቹ ፊት ነቀፍሁ፤ ነቀፋዬ እውነት ነበረ፣ ልጁ ግን ዳግመኛ አልመጣም። የኔታም ስሕተቴን አይተው አላለፉትም ነበር፤ ነገር ግን አስቀድመው በጎውን ፈለጉ።

ወንድሞቼ መምህራን ሆይ፤ ጉድለትን ማየት ለማንም አይቸግርም። ከጉድለቱ መካከል የሚቀናውን ለይቶ ማውጣት ግን የመምህር ሙያ ነው። ያን ልጅ ዛሬ ባገኘው፣ አስቀድሜ አሳቡን በጠየቅሁት ነበር።