ሽጉጥ ላይ የምትገጠም ቀይ ነጥብ

እዚህ ቴክሳስ፣ ዳላስ አቅራቢያ፣ እስከ እኩለ ሌሊት የምትሠራ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። በአካባቢያችን ባለሱቆች ዘንድ ሽጉጥ መያዝ ብርቅ አይደለም፤ እኔም አለኝ። ስልሳን ከተሻገርኩ ወዲህ ግን ማነጣጠሪያው ለዓይኔ ጭጋግ ሆነ። የንባብ መነጽር ሳደርግ እሱ ይጠራና በር ላይ የቆመው ሰው ይደበዝዛል፤ ሳወልቀው ደግሞ ተቃራኒው። ሌዘር እንድገዛ ያነሳሳኝ ይኼ ነው እንጂ የፊልም አምሮት አይደለም።

ከ100 ዶላር በታች የሚሸጠው ብዙ ነው። ቀዩ ይረክሳል፣ ባትሪም ይቆጥባል፤ አረንጓዴው በእኩል ኃይል ለዓይን ደምቆ ስለሚታይ ለጠራራ ፀሐይ ይሻላል። ሱቄ ውስጥ ምን ፀሐይ አለ? ቀዩን ወሰድኩ። እኔን ያሳሰበኝ ብሎኑ ነው። ሽጉጥ ሲተኮስ ክፉኛ ስለሚነዝር የርካሽ ዕቃ ብሎን ይላላል፤ ስለዚህ 50 ጥይት ተኩሼ ነጥቧ ከቦታዋ አለመሸራተቷን እስካይ ደረሰኙን አልጣልኩም። የድሮው አፎትም ሌዘር የተገጠመበትን ሽጉጥ አላስገባ ብሎ ሌላ ወጪ አስከተለ።

ሌዘሩ የሚቀመጠው ከአፈሙዙ በታች ስለሆነ ጨረሩና ጥይቱ የሚገናኙት በአንድ ርቀት ላይ ብቻ ነው። እኔ ተኩስ መለማመጃው ቦታ ሄጄ በ10 ያርድ አስተካከልኩት። ከዚያ ለቀረበ ዒላማ ጥይቱ ከነጥቧ ከፍ፣ ለራቀው ደግሞ ዝቅ ብሎ ይመታል። ሻጩ ይህን አይነግርም።

ትልቁን ጥቅም ያገኘሁት ያለ ጥይት ስለማመድ ነው። ጥይቱን በሙሉ ሌላ ክፍል ትቼ፣ ካዝናውን አውጥቼ፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቼ፣ ወደ ግንቡ ቃታ ስስብ ነጥቧ እንደ ዝንብ ትዘላለች። የእጅን መንቀጥቀጥ ሰው በይሉኝታ ያልፈዋል፤ ነጥቧ ግን አታባብልም። ቃታውን ቀስ ብዬ የሳብኩ ቀን ትረጋጋለች። ሌዘር እጅ አያስተካክልም፤ እጅን ያሳብቃል።

ባለቤቴ ዕቃውን ስታይ የጠየቀችኝ ስለ ዋጋው አልነበረም። ልጃችን ቤት ድመት አለች። የ5 ዓመቱ የልጅ ልጃችን የቁልፍ መያዣ በምታህል ሌዘር ወለሉ ላይ ቀይ ነጥብ እያሯሯጠ ያጫውታታል። «እዚህም ያችኑ ነጥብ ሲያይ መጫወቻ ነው ብሎ ቢያነሳውስ?» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁ ሽጉጥ መፍራትን ተምሮ ይሆናል፤ ቀይ ነጥብን ግን የሚያውቃት በሳቅ ነው።

በማግስቱ በቁጥር የሚከፈት የብረት ሣጥን ገዛሁና ከግድግዳው ጋር በብሎን አሰርኩት። የቴክሳስ ሕግም ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ለመተኮስ የተዘጋጀ መሣሪያ እጁ ቢገባ፣ በቸልተኝነት የተወውን ሰው ይጠይቃል። ልጄም ድመቷን በክር ላይ በታሰረ ላባ እንዲያጫውት አደረገችው። ሣጥኑ ከሌዘሩ በላይ ዋጋ ወጣበት፤ ባለቤቴ ደረሰኙን አይታ ምንም አላለችም።