445ን ማን ያዳምጠዋል?

«ፖርት» ሲባል ብዙዎቻችን የኬብል መሰኪያዋን ነው የምናስበው። እኔ የምለው ግን ከ0 እስከ 65535 የሚሄደውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ በራሱ አይጎዳም፤ ጉዳዩ ከኋላው ሆኖ የሚያዳምጠው ፕሮግራም ላይ ነው።

በላባችን «ኔትስታት» ብዬ ሳይ 445 ክፍት ነው። ፋይል የምንጋራበት ስለሆነ አይገርምም። ግን ዋናክራይ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያመሰው በዚሁ በር ገብቶ ነው፤ ያውም ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ካወጣ ከሁለት ወር በኋላ! የመመረቂያ ጽሑፌ ደግሞ እዚያው ሰርቨር ላይ ነው ያለው።

የላቡ ኃላፊ «ብዘጋው ኖት ከየት ልታመጡ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ከውጭ በፋየርዎል ተዘጋ፣ ለላቡ ማሽኖች ብቻ ተፈቀደ፣ አሮጌው ኤስኤምቢ 1 ጠፋ። ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነባቸው ሁለት ማሽኖች ከእሱ ሌላ ስለማያውቁ ኬብላቸውን ነቀልን፤ አሁን ለታይፕ ብቻ ያገለግላሉ።